ከጀውሃ ድልድይ በታች

አጎቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ዛሬ ይህን ብል የሚደነቅ የለም፤ በእኔ ልጅነት ግን በሸዋ ሮቢት የአሰብ ሹፌር ባሕር ያየ፣ በረሃ ያቋረጠ፣ ኪሱ የማይነጥፍ ሰው ነበር። እሱን ከጓደኞቹ የለየው ባሕሩም በረሃውም አይደለም። ከመኪናው ጎን፣ ጀሪካንና ክሪክ በሚታሰርበት ቦታ፣ በአሮጌ ሸራ የተጠቀለለ የቀርከሃ ዘንግ አይጠፋም ነበር። ሌላው ሹፌር መኪናውን አቁሞ ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል፣ እሱ መንጠቆውን ይዞ ድልድይ ሥር ይወርዳል። «ያ ዓሣ የሚያጠምደው ሹፌር» ከተባለ ከደብረ ሲና እስከ ሚሌ የማያውቀው አልነበረም።

ጋሼ እንለው ነበር። ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ኅዳር ከታላቋ ልጁ ጋር ከደብረ ብርሃን ተነስተን ወደ ቆላው ወረድን። እሷ የቤት ጉዳይ ነበራት፤ እኔ ደግሞ የቀድሞ ረዳቱ በሕይወት እንዳሉና ጀውሃ አካባቢ እንደሚኖሩ ሰምቼ ላገኛቸው ጓጉቼ ነበር።

ደብረ ብርሃን በኅዳር ማለዳ ውርጭ ነው፤ ጋቢ ደርቦ እጁን ብብቱ ሥር የቀበረ ሰው ይበዛል። መንገዱ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ያደርሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው፣ ሕዝቡ እስካሁን ሙሶሊኒ እያለ የሚጠራው ዋሻ እዚያ ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይረዝማል። በዚህ በኩል ጉም ለብሶ የገባ መኪና በዚያ በኩል ሲወጣ ምድር ከሥሩ ትከዳዋለች። ታች፣ በጣም ታች፣ ይፋት ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወዲያ የአዋሽ ሸለቆ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር በረሃ። ከዋሻው አፍ እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,700 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ካፖርት ለብሶ የተሳፈረ ሰው ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሲገዛ አንድ ልብስ ያወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል።

ጋሼ ይህን ቁልቁለት ሲወርድ አያወራም። ረዳቱም ልጆቹም ያውቁታል፤ ዝም ይላሉ። «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ይል ነበር፤ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር ለእሱ ሹፌር አልነበረም። ለክረምት ዕረፍት እኔን ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሲያወርደኝ፣ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ከፊታችን ካለ መኪና ሲመጣ አፍንጫውን ይነፋና «ይሄ ሰው ቤቱ አይገባም» ይላል። ቤት መግባት! ወሬው ከየትም ቢነሳ ማረፊያው እሱ ነበር።

የአሰብን መስመር ያላየ አንባቢ ይህን ለመረዳት ይቸገር ይሆናል። ከአዲስ አበባ አሰብ ከ850 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀድሞ ጭነቱ ሁሉ በዚህ በደሴ መንገድ ነበር የሚያልፈው፤ ጣርማ በርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬን፣ ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ይደርስና ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በባቲ በኩል ሚሌ ይወርዳል። ከዚያ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ። ቀኑ እሳት፣ ሌሊቱ አቧራ። በኋላ በአዋሽና በገዋኔ በኩል ሚሌ የሚያደርሰው መንገድ ሲሠራ ከባዱ መኪና አብዛኛው ወደዚያ ዞረ። ለምን አይዞር? መንገዱ ቆላ ለቆላ ነው፤ ጣርማ በር የለበት፣ ጉም የለበት። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጎማ ያተርፋል፣ ነፍስም ያተርፋል።

ጋሼ ግን አልዞረም። ወረፋ ሲወጣ ለኮምቦልቻ፣ ለደሴ፣ ለደብረ ብርሃን መጋዘን የሚሄደውን ጭነት እየለመነ ይወስድ ነበር፤ ጓደኞቹ ሜዳው እያለ ገደል የሚመርጥ ሰው ብለው ይስቁበታል። ሚስቱና አምስት ልጆቹ ሸዋ ሮቢት ነበሩ። ገደሉን የመረጠው ቤቱ ከገደሉ ሥር ስለነበረ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከወንዞቹም ጋር ተዋውሎ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። በሜዳው መንገድ አዋሽ አለ፣ አዞም አለ፤ የይፋት ወንዞች ግን ልጅ ይዘው የሚወርዱባቸው ናቸው።

ይህ ቆላ ጀብደኛ ጎድሎበት አያውቅም። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሡልጣኖች የገዙት ከዚህ ሆነው ነው፤ ኖራንና አስበሪን የመሳሰሉ የድንጋይ ከተሞቻቸው ፍርስራሽ፣ መስጊዶቻቸው ሳይቀሩ፣ ዛሬም በየኮረብታው ላይ ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ የነጋዴ ቅፍለት መንገድ ሆኖ ቆየ፤ ጨው ይወጣበታል፣ ቡና ይወርድበታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝና መኮንን ከታጁራ ተነስቶ፣ በአሳል የጨው ሐይቅ በኩል አፋርን አቋርጦ፣ የይፋት በር በሆነችው በፋሬ ገብቶ አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ወጣ። ሲመለስ ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። ተከትሎት የመጣው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን አልዩ አምባ ተቀምጦ ባለ ሁለት ቅጽ ጻፈ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሬምቦ ግጥሙን ትቶ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል ጭኖ በ1887 በዚሁ በኩል አንኮበር ደርሷል። አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ደግሞ በ23 ዓመቱ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ ወርዶ፣ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚቀርበትን ቦታ በዓይኑ አየ። ቴሲጀር ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም፤ አብዛኛውን ዕድሜውን መንገደኛ ሆኖ ኖረ።

አልንቃቸውም፤ መጻሕፍቱን ወድጄ አነባለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ሃሪስ ያንን በረሃ ወደ ላይ አንዴ አቋረጠ፣ ወደ ታች አንዴ ተመለሰ፣ ከዚያ ዓለም አወቀው። ጋሼና ጓደኞቹ ያንኑ በረሃ ጨው፣ ስንዴ፣ ማዳበሪያ ተሸክመው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተመላለሱበት፤ ከመጋዘን ደረሰኝ በቀር ስማቸው የሠፈረበት ወረቀት የለም። ሚሌ ላይ ጎማ የሚጠግነው አፋር በስም ይጠራቸዋል፣ ባቲ ላይ ሻይ የምታፈላዋ የልጆቻቸውን ቁጥር ታውቃለች። ጋሼ በአማርኛ ተወልዶ ኦሮምኛ ከሚሴ ላይ፣ ትግርኛ አሰብ ወደብ ላይ፣ የአፋርኛ ሰላምታ ደግሞ ውሃ እየለመነ ተማረ። የአፋር ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን አገኘህ ተባብሎ ወሬ ይለዋወጣል። እሱ ይህን ይወደው ነበር። «ጋዜጣ ነው» ይለናል።

ወደ ዓሣው ልመለስ። ይፋት ውስጥ ዓሣ አጥማጅ መሆን ትንሽ ያስቃል። ይህ የማሽላ፣ የጤፍ፣ የማሾና የሽንኩርት አገር ነው፤ ፓፓያውና ማንጎው በመንገድ ዳር ይቆለላል፤ ከብት፣ ፍየልና ግመል ክብር አላቸው። ዓሣን ግን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት! እረኞቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክር ሲያይ የሚውለውን ግዙፍ ሰውዬ አይተው እንደ ዕብድ ይቆጥሩት ነበር፤ ያጠመደውን ሲሰጣቸው ይቀበሉና ለውሻ ይጥላሉ። እሱ አይቀየምም። ሰንበቴ ላይ የእሑድ ገበያ ቆሞ አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ሲገናኝ እሱም መኪናውን ያቆማል፤ ገመድ ይገዛል፣ ለልጆቹ ቴምር ይገዛል፣ ከገበያ ውሎ የቀረ ጉበት ለምኖ ለመንጠቆው ይይዛል። ዓሣ ሊሸጥ አንድ ቀን ሞክሮ ነበር አሉ፤ የገዛው የለም።

የሚያወራን ነገር ግን አያልቅም። የሮቢ፣ የጀውሃ፣ የአጣዬና የቦርከና ወንዞች ሁሉ ከምዕራብ ደጋ ወርደው ወደ አዋሽ ያዘነብላሉ፤ ክረምት ሲገባ ዓሣ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውሃ ላይ ሊራባ። ስለዚህ በሐምሌ አይጠመድም፤ አንደኛ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ሁለተኛ «እናት ትገድላለህ»። ጊዜው መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጠራ ነው። ቢልጫ ወራጅ ውሃ ይወዳል፤ ጎትቶ ይሮጣል፣ ክር ይበጥሳል። አምባዛ ጭቃ ይወዳል፤ በቀን ተኝቶ በሌሊት ይወጣል፣ በጢሙ እየዳሰሰ ነው የሚበላው። ከውሃ ወጥቶም አየር ስቦ ሰዓታት ይቆያል፤ ስለዚህ ጋሼ አምባዛውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በሕይወቱ ቤት ያስገባው ነበር። ቆሮሶን ያወቀው አዋሽ ላይ ነው። እናቲቱ ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ እንደምታሳድግ የነገረን ቀን ማናችንም አላመንነውም፤ ከዓመታት በኋላ የባዮሎጂ መምህሬ ያንኑ ሲደግመው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሁለት ነገር ይከለክል ነበር። አንደኛው ብርብራ ነው። የብርብራን ፍሬ ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ መበተን ጥንታዊ ዘዴ ነው፤ ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም፣ የሚፈለገውም የማይፈለገውም። ጋሼ ይህን ስርቆት ይለዋል። ሁለተኛው ከመዳፍ ያነሰ ዓሣ ቤት ማስገባት ነው። ታናሹ ልጁ አንድ ጊዜ ጣት የምታክል ይዞ ቢመጣ ያን ሁሉ መንገድ አስመልሶ ወንዝ አስጨምሮታል፤ ዓሣዋ እስከዚያ ሞታ ይሁን በሕይወት ማንም አልጠየቀም። ሕግ ሕግ ነው።

ስለ ጎርፉ ቀን የአጎቴ ልጅ እየሄድን ነገረችኝ፤ እኔ አልነበርኩም። ወሩ ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ልማዱን ጥሶ ልጆቹ ስለነዘነዙት ብቻ ጀውሃ ድልድይ ሥር ይዟቸው ወርዷል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐይዋ የምትፋጅ፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ። ሦስቱ ልጆች መሐል ወንዝ ካለው ደሴት አሸዋ ላይ ይጫወታሉ። ድንገት ጋሼ ዘንጉን ጥሎ ተነሳ። ውሃው ላይ ነጭ አረፋ፣ በአረፋው ላይ ስንጥርና ደረቅ ቅጠል መጥቷል፤ ብቻ ይህን ነው ያየው። ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ ሁለቱን በብብቱ፣ አንዷን በትከሻው አድርጎ ወጣ። ዳርቻውን ሲወጡ ድምፁ ተሰማ፤ ከዚያ ቡናማው ግድግዳ፣ ግንድ እያንከባለለ፣ አሸዋውን ደሴት ጠራርጎት ሄደ። ዝናቡ የዘነበው ላይ ደጋው ላይ ነው፤ እታች ያለ ሰው አንድ ጠብታ አላየም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለጅል ነው፤» አላቸው አሉ እየተንቀጠቀጠ፤ «ለሚያይ ሰው ቀድሞ መልእክተኛ ይልካል።» ዘንጉ በዚያ ቀን ሄደ፤ በኋላ ሌላ ተካ። ለሚስቱ ግን ማንም ምንም እንዳይናገር አስማለ፤ እሷም በዚያው ምሽት ከልጆቹ ፊት ላይ አነበበችው፤ ለሁለት ወር ያህል ከልጆቹ አንዱም ከወንዝ እንዳይደርስ ከለከለች።

እሷን ሳላነሳ ባልፍ ጋሼ ራሱ ይወቅሰኛል። የመንዝ ልጅ ናት፤ ዓሣ በቤቷ እስክታገባ ድረስ አልተቀቀለም። ለዓሣው ብቻ የሚሆን መጥበሻና ቢላዋ ለይታ ጓሮ ሰቀለች፤ ከሌላው ዕቃ አይገናኝም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በዚያ ቤት ስንት ዓመት እንደፈጀ! እሱ ዓሣ ሥጋ አይደለም ይላል፤ እሷ ደም ያለው ሁሉ ሥጋ ነው ትላለች፤ የንስሐ አባታቸው ተጠርተው እንኳ ሁለቱንም በማያስከፋ መልስ አልፈውታል። በፍስክ ግን እጇ ተአምር ነበር። አምባዛውን በአመድ አሽታ ልጋጉን ታስለቅቃለች፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፋ ታሳድራለች፣ ዱለት ስትሠራው ጎረቤት በሰበብ ይመጣል። ያ ዓሣ ሰንበቴ ገበያ ላይ ገዥ ያጣው ዓሣ ነው።

1977 ዓ.ም. ዘንጉ ከሸራው አልወጣም። ስለ ድርቁ ሲነሳ ሰው ወሎን ያስታውሳል፤ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃም አብሮ ተመትቶ ነበር። አሰብ ላይ የተራገፈውን የእርዳታ እህል ሽቅብ ሲያመላልስ ከረመ፤ ጀውሃ አሸዋ ብቻ ነበር አሉ። ስለዚያ ዓመት ብዙ አያወራም ነበር፤ ስናነሳበት መኪናውን ሊያይ ይወጣል።

ሶቪየቶች የሠሩትና በ1967 በአውሮፓ አቆጣጠር ሥራ የጀመረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ከ30 ዓመት በኋላ ተዘጋ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም.፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳና ወደቡም ለእኛ ተዘጋ። መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጋላፊና ጅቡቲ አዞረ። ጋሼ ጥቂት ሞከረው፤ መንገዱ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ ቤቱ ደግሞ ከመንገዱ ወጣ። መኪናውን አስረከበ። ከዚያ በኋላ የኖራቸውን ዓመታት ሸዋ ሮቢት ላይ የልጅ ልጅ እያዘለ፣ ጓሮው ውስጥ ፓፓያ እየኮተኮተ፣ መስከረም ሲጠባ ወደ ጀውሃ እየወረደ ነው ያሳለፋቸው። አንዳንዶች የሹፌር ጡረታ ያሳዝናል ይላሉ። እሱ ላይ አላየሁትም፤ ቤቱ ለመግባት ስንት ዓመት ሲነዳ የኖረ ሰው በመጨረሻ ገባ፣ በቃ።

ረዳቱን ያገኘናቸው ከጀውሃ ወረድ ብሎ፣ የማሾ ማሳቸው ዳር ነው። ማሾው ጠቁሮ ለለቀማ ደርሷል። የአጎቴን ልጅ ትኩር ብለው ካዩ በኋላ «አንቺ... የጋሼ ትልቋ አይደለሽም?» አሉና ትከሻ ለትከሻ ሳሟት፤ ከዚያ እኔን። እኛ ጋሼ እንለው የነበረውን ሰው እሳቸውም ጋሼ ነው የሚሉት፤ ዕድሜያቸው ዛሬ እሱ ከሞተበት ይበልጣል።

«እርስዎስ ዓሣ ያጠምዱ ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ?» ሳቁ። «እኔ መኪና ነበር የምጠብቅ። ጋሼ ወንዝ ሲወርድ ካላማዳሪ እለጥፋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ዘንጉን አስያዘኝ። ያዘኝ፣ ጎተተኝ፣ ለቀቅሁት! ከዚያ ወዲህ አላስነካኝም።»

አሰብ ላይ ከጋሼ ጋር ሲደርሱ መጀመሪያ የሚሠሩት ምን እንደነበር ጠየቅኋቸው፤ የጠበቅሁት የባሕር ወሬ ነበር። ወረፋ፣ አሉ። ጥላ ፍለጋ። ከዚያ ጋሼ ወደቡ ዳር ሄዶ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር በምልክት እያወራ መንጠቆ በትንባሆ ይለውጣል። «ያን መንጠቆ ይዞ እዚህ ይመጣል። የቀይ ባሕር መንጠቆ ጀውሃ ላይ!» አሉና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ለጀውሃ ዓሣ ሳይተልቅ አልቀረም።

አብረውን ድልድዩ ሥር ወረዱ። በዚህ ወቅት ወንዙ ድሮም ቀጭን ነው፤ አሁን ግን በግራም በቀኝም የውሃ ፓምፕ ተተክሎበት፣ ቱቦው ወደ ሽንኩርትና ወደ ማሾ ማሳ እየሳበው ይበልጥ ቀጥኗል። መቼም ገበሬው ውሃውን ለምን ሳበ አይባልም፤ ገበያ የሚወጣው ሽንኩርት ከዚያ ነው የሚመጣው። የከፋኝ ሌላ ነው። ጥቂት ልጆች ለወባ መከላከያ የታደለ አጎበር በሁለት ዱላ ወጥረው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ያጠሩታል። አጎበሩ ትንኝ እንኳ የማያሳልፍ ነው፤ ታዲያ ምን ይተርፋል? ባልዲያቸው ውስጥ የነበረው ሁሉ ጣት የማያክል ነበር። የአጎቴ ልጅ ጎንበስ ብላ አየችና «እነዚህን መልሷቸው» አለቻቸው፤ በአባቷ ድምፅ። ልጆቹ ሳቁባት። ሽማግሌው «ተዪያቸው፤» አሉ፤ «ያሳያቸው ሰው የለም።»

ቤቱ ወደ ዋናው መንገድ ቀረብ ብሎ አሁንም አለ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ፣ ቤተሰቡ ቤቱን ዘግቶ ደጋ ወጥቶ ነበር። ሲመለሱ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍሪጁ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ የሠርግ ፎቶው ከነመስታወቱ ተሰባብሯል። ጣሪያው ሥር ተጋድሞ የነበረውን በሸራ የተጠቀለለ ነገር ግን ማንም አልፈለገውም። የዘራፊ ሚዛን አስገራሚ ነው! የአጎቴ ልጅ ፈታ አሳየችኝ፤ የቀርከሃ ዘንግ፣ የተጠቀለለ ናይለን፣ በወይን ጠርሙስ ቡሽ ላይ የተሰኩ ዝገት የበላቸው መንጠቆዎች። ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ በእጅጉ ይተልቃል። አሁን ዘንጉን የወሰደው ደብረ ብርሃን የሚማረው የልጅ ልጁ ነው፤ በረሳ ወንዝ ላይ ይሞክርበታል መሰለኝ፣ እናቱ አልወደደችውም።

ከረዳቱ ጋር ስንለያይ ስልኬን አውጥቼ የተናገሩትን እንድቀዳ ፈቃድ ጠየቅሁ። ፈቀዱ። ከማንዳ በኋላ ያለውን መንገድ፣ የትኛው ጎራ ላይ ነፋስ መኪና እንደሚያዘነብል፣ በጥበቃ ታጅበው በተርታ የሄዱበትን ጊዜ፣ ሎጊያ ላይ በውሃ ጥም የሞተውን ሹፌር፣ ሻይ ቤቶቹን በየስማቸው፣ ሁሉንም አወሩልኝ። ማታ መልሼ ስሰማው ጋሼ ራሱ ነግሮኝ የማያውቀው ስንት ነገር አለበት!

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የአሰብ መስመር ለእኛ ሲዘጋ 30 ዓመት የነበረው ሹፌር ዛሬ 60 ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል፤ ከእሱ የሚበልጡት እያለፉ ነው። አባትህ፣ አጎትህ ወይም ጎረቤትህ በዚያ መስመር ነድቶ ከሆነ፣ ረዳት ሆኖ ከሆነ፣ ባቲ ወይም ሚሌ ላይ ሻይ አፍልታ ያሳደገችህ እናት ካለችህ፣ በዚህ ሳምንት ሂድና አጠገባቸው ተቀመጥ። ስልክህን አብራ፤ ከየትኛው ማርሽ ጀምረው ጣርማ በርን እንደሚወርዱ ጠይቃቸው፤ ሌላውን እነሱ ይነግሩሃል።